ማርቼዲስ ዋጋዋን ታወጣለች ወይ?

ወገን፣ ዛሬ ስለ መኪና እናውራ። ስለ ቪትዝና ስለ ባጃጅ ሳይሆን ስለ ትልልቆቹ፦ ስለ ማርቼዲስ፣ ቢኤም፣ አውዲ፣ ፖርሽ። ዶዮገና ላይ ሁለት ወጣቶች ቡና ይዘው ከተቀመጡ፣ ወሬው ኳስ ካልሆነ ይሄ ነው። ለመሳላ በዓል ሰው ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አንዲት ጥቁር ማርቼዲስ በከተማው መሀል ካለፈች አንገቱን የማያዞር የለም። "የማን ልጅ ነው?" ይባላል። ቀጥሎ "ስንት ፈጀች?" ይባላል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ የለም፦ ዋጋዋን ታወጣለች ወይ?

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ጀርመን አገር ላለ ሰው ምናልባት ታወጣለች። እኛ ጋ ስትደርስ ግን አታወጣም። ይህን የምለው መኪናዋ መጥፎ ስለሆነች አይደለም። እኛ የምንከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ለመኪናዋ ስላልሆነ ነው።

"ሥራ የለህም፣ ብስክሌት እንኳ የለህም፣ ቀንተህ ነው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ፣ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ግን ሂሳብ ለመሥራት ሊብሬ አያስፈልግም። ስለዚህ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

መጀመሪያ ለመኪናዋ የሚገባትን ምስጋና እንስጥ። መኪና የሚባለውን ነገር ለዓለም ያስተዋወቁት ጀርመኖች ናቸው። ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት እግሯን መኪና በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በጥር 1886 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነዳች። ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነዳጁን ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሠሪ ዘንድ ቆዳ አስለበጠችው። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዋ ረጅም ጉዞ የተሳካችው መንገድ ላይ መጠገን ስለተቻለ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎም ቢሆን ሥራቸው የሚናቅ አይደለም። መኪና በድንገት ፍሬን ሲያዝ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የማርቼዲስ ኤስ ክላስ ላይ ነው የገባው። የሰው ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን አለ። ያ በዚያን ጊዜ የሀብታም ብቻ የነበረው ፍሬን ዛሬ ያሪስ ላይም አለ። ከቅንጦቱ ውስጥ ለሰው ልጅ የሚጠቅመው ክፍል ጊዜውን ጠብቆ ወደ ርካሹ መኪና ይወርዳል። ትልቁ መኪና ላይ ብቻ የሚቀረው ቆዳው፣ ስክሪኑ፣ ድምፁና አርማው ነው። ታዲያ የምንከፍለው ለየትኛው ነው?

አሁን ወደ ገበያው እንግባ።

ጀርመን ውስጥ በየዓመቱ አዲስ ከሚመዘገቡት መኪኖች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚመዘገቡት በግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅት ስም ነው። ድርጅቱ ለሠራተኛው ያቀርባል፣ ወጪውን ከግብሩ ሂሳብ ውስጥ ያስገባል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ተነድታ ዋስትናዋ ሊያልቅ ሲል ይመልሳታል። ሰውዬው አዲሷን ይይዛል። ያቺ መኪና በነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የዋጋዋን ትልቅ ክፍል አጥታለች፤ ግን ጉዳቱ እሱ ኪስ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ሁለተኛ እጅ፣ ሦስተኛ እጅ እያለች ትሸጣለች። በዱባይ በኩል ወይም በሌላ መንገድ እኛ ጋ ስትደርስ የኖረችው፣ የመጀመሪያው ባለቤት "ከአሁን በኋላ ጥገናዋ ይከብዳል" ብሎ የተዋት ዕድሜ ላይ ነው። እሱ የተጠቀመው ጥሩዎቹን ዓመታት ነው። እኛ የምንገዛው የቀሩትን ነው። የምንገዛው ደግሞ እሱ ከከፈለው በላይ ከፍለን ነው።

ለምን በላይ? በታክሱ ምክንያት። በ2012 በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ የቤት መኪና ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ ካልበለጠ 5 በመቶ ተጣለበት፤ ከ1,800 ሲሲ ከበለጠ 100 በመቶ። ያገለገለና ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይጨምራል። አብዛኞቹ ትልልቅ የጀርመን መኪኖች ደግሞ ከ1,800 ሲሲ በላይ ናቸው። አሰላሉንም ተመልከቱ፦ ኤክሳይሱ የሚሰላው በመኪናዋ ዋጋና በጉምሩክ ቀረጡ ድምር ላይ ነው፤ ቫቱ ደግሞ ኤክሳይሱ ከተደመረ በኋላ ይሰላል። ታክስ በታክስ ላይ ይቆለላል። ሰውዬው "ይህን ያህል ሚሊዮን ብር መኪና ነዳሁ" ሲል፣ እውነቱ ከዚያ ብር የሚበዛው መኪና ሳይሆን ደረሰኝ ነው።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናዋ የተገዛች ጊዜ ያልነበረ ወጪ በአንድ ወር ተፈጠረ ማለት ነው። መለዋወጫዋ የሚመጣው በዶላርና በዩሮ ነው፤ የሚከፈለው በብር።

"ወንድሜ፣ እዚህ አገር እኮ መኪና ቁጠባ ነው፤ ብር ባንክ ስታስቀምጥ ይሟሟል፣ መኪና ግን ዋጋው ይጨምራል" የሚል አለ። ይሄ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። እውነትም የእኛ አገር ሰው ኮሮላ ገዝቶ አምስት ዓመት ነድቶ አትርፎ ሊሸጥ ይችላል። ግን ኮሮላ ዋጋዋን የምትጠብቀው ለምንድነው? መለዋወጫዋ በየከተማው ስላለ፣ መካኒኩ ሁሉ ስለሚያውቃት፣ ነገ የሚገዛት ሰው እንደሚኖር ስለምናውቅ ነው። ቁጠባ ማለት በፈለግከው ቀን ወደ ብር የሚቀየር ነገር ማለት ነው። ማርቼዲስ ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በርቶ ገበያ ብታወጣት ገዢው መብራቷን አይቶ ይሄዳል። ከበግ ነጋዴ እንኳ ብንማር፣ ሁሉ የሚፈልገው በግ ነው ገበያ ላይ ቶሎ የሚሸጠው።

ጥገናውን እንየው። ከዶዮገና እስከ ሆሳዕና፣ እስከ ዱራሜም ብትሄዱ ጎበዝ መካኒክ አለ። ቶዮታን ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታል፣ ይገጥማል። አይሱዙ ቢሰጡት ሞተር አውርዶ በማግስቱ ያስነሳል። የዛሬዋ ማርቼዲስ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው መፍቻ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። አንዷ ሰንሰር ስትበላሽ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ አንዳንዷ አዲስ ዕቃ ለመኪናዋ ኮምፒውተር በፕሮግራም ካልተዋወቀች አትሠራም። ዕቃው ሆሳዕና ይፈለጋል፣ ይጠፋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ የሌላ ሞዴል ይገኛል። ከዚያ ዱባይ ያለ ዘመድ ይደወልለታል። እስከዚያው መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቆማለች፤ ዶሮ ይወጣባታል። ቤርታ ቤንዝ በባርኔጣ መርፌ የከፈተችውን ቱቦ የዛሬው ባለ መኪና ሊነካው አይችልም። እሷ የነዳችው መኪና መንገድ ላይ የሚጠገን ነበር፤ ይሄኛው የተሠራው ጠጋኙ ጎረቤት ላለበት አገር ነው።

ጎማውን ደግሞ እዩ። ብዙዎቹ የቢኤም ሞዴሎች ስኮርታ ጎማ የላቸውም። በምትኩ ነፋስ ቢያልቅም በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ልዩ ጎማ አላቸው። ለጀርመን ሸጋ ሐሳብ ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማ ቤት ሞልቷል። የእኛ ጎማ ጠጋኝ ወንድም ግን ያንን ጎማ ምን ያድርገው? ጠጠር መንገድ ላይ የጎኑ ግድግዳ ከተቀደደ ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ ስኮርታ የለም፣ ተመሳሳዩ ጎማ የለም፣ መኪናዋን ጭኖ የሚወስድ ፈልግ ማለት ነው።

ነዳጁም እንደዚያው ነው። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች የሚፈልጉት የድኝ መጠኑ በጣም ዝቅ ያለ ናፍጣ ነው፤ ያለዚያ የጭስ ማጣሪያቸው ይደፈናል። እኛ ጋ ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር ይገዛል። በውስጡ ምን እንደተቀላቀለ ሻጩም አያውቅም። ባጃጅ ይሄንን ትችለዋለች፤ ተሳልማ ተሳልማ ትነሳለች። ማርቼዲስ ግን አትችልም።

ፍጥነቱስ? ጀርመን ውስጥ ኦቶባን የሚባለው መንገድ የፍጥነት ገደብ የሌለባቸው ክፍሎች አሉት። እነዚህ መኪኖች የተለኩት ለዚያ ነው። እኛ አገር ሰፊው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እንኳ ገደቡ 120 ነው። ዶዮገና ጭጋግ በወረደበት ጠዋት፣ ገበያተኛውና በጉ መንገዱን በሞሉበት ቀን፣ ጠመዝማዛው ላይ 40 ከነዳህ ጀግና ነህ። ስለዚህ በ250 መሄድ ለምትችል መኪና ከፍለን በ40 እንነዳታለን። የቀረውን 210 የት እንሸጠዋለን?

"አሁን እኮ ኤሌክትሪክ ነው ዘመኑ" ይባላል። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ካሳወቀ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ የጀርመኑን የቮልስዋገን አርማ የለጠፉ ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ አይዲ 4 እና አይዲ 6 የሚባሉት። ብዙ ሰው "የጀርመን መኪና ገዛሁ" ይላል። ግን አይዲ 6 የተሠራው ቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገበያ ነው። ሶፍትዌሩም ለቻይና ሰው የተዘጋጀ ነው። መጥፎ መኪና ነው አላልኩም። አርማው ጀርመን፣ ፋብሪካው ቻይና፣ ባለቤቱ እኛ ሆነን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መንገድ ላይ የምንቀረው ግን እኛ ብቻ ነን እያልኩ ነው።

እስካሁን የቆጠርነው የብሩን ወጪ ነው። ዋናው ሂሳብ ገና ነው።

ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚገዛው። ሰው የሚገዛው ክብር ነው። "የማን ልጅ ነው?" የምትለዋን ጥያቄ ነው የሚገዛት። አባቱ የተናቀ፣ እናቱ ቆጮ ፍቃ ያሳደገችው ልጅ፣ አንድ ቀን ከተማው ቆሞ እንዲያየው ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን ያቺ ክብር ለእሱ ብቻ ተሽጣ አትቀርም። በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ ዳር የቆመ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለ። መኪናዋን ሲያይ "መማር ምን ያደርጋል፣ መንገዱ ደቡብ አፍሪካ ነው" የሚለውን ትምህርት በአንድ ደቂቃ ይማራል። ማታ አባቱን "በሬውን ሸጠህ ላከኝ" ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እኮ ይሄ ነው።

የመንገዱን ዋጋ ደግሞ እኛ ሐዲያና ከምባታ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ ውስጥ ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት፣ ከ78 ኢትዮጵያውያን 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ። 14ቱ ብቻ ተረፉ። በታኅሣሥ 2015 ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ዳር ተጥለው የተገኙት 27 አስከሬኖችም የኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነግሯል። ተሻግሮ የደረሰውም ገነት አልገባም። ሎኬሽን በሚባሉት ሰፈሮች ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ዳቦና ሳሙና ይሸጣል፤ እዚያው ይተኛል፤ ግርግር ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰበረው የእሱ ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በመጤዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ብቻ ከ60 በላይ ሰው ተገድሏል። ይህን ሁሉ አልፎ ያጠራቀመውን ራንድ ነው እንግዲህ ለማርቼዲስ የሚሰጠው። ዋጋዋን ታወጣለች ወይ ስል የምለው ይሄን ዋጋ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ወንድሞቻችን የሚሰደዱባት ያቺው ደቡብ አፍሪካ የጀርመን መኪና ትሠራለች። ቢኤም ከጀርመን ውጭ የመጀመሪያ ፋብሪካው ያለው ፕሪቶሪያ አጠገብ ሮስሊን በሚባል ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ። ከዚያ ፋብሪካ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባለ 3 ሲሪየስ ቢኤሞች ወጥተዋል። ማርቼዲስ ሲ ክላስ ኢስት ለንደን በምትባል የደቡብ አፍሪካ ከተማ ይመረታል። የቮልስዋገን ፖሎ ካሪዬጋ ውስጥ ተሠርቶ ወደ አውሮፓ ይላካል። የጥቁር ሰው እጅ ገጥሟቸው ጀርመኖች ራሳቸው ይገዟቸዋል! የእኛ ልጅ ከነዚህ ፋብሪካዎች ጥቂት ሰዓት ርቀት ላይ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎ ዕድሜውን ይከፍላል፤ መኪናዋን ለመሥራት አይደለም፣ ለመግዛት ነው። ሠሪውም ጥቁር፣ ገዢውም ጥቁር፤ ልዩነቱ አንዱ ሙያ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፣ ሌላው ቁልፍ ይዞ።

ስለ ብሔራዊ ኩራት የምናወራ ሰዎች ይህን ማሰብ አለብን። ጀርመን የተከበረችው ማርቼዲስ ስለነዳች አይደለም፤ ስለሠራች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈርሳ የነበረችውን አገር መልሳ ያስነሳቻትም ውዷ መኪና አልነበረችም። ትንሿ ቮልስ ነበረች፤ ሠራተኛው ሊገዛት የሚችል፣ ማንም መካኒክ የሚፈታት። ያቺ ቮልስ እኛም አገር ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ሮልስ ሮይስና ማርቼዲስ ከሞላው ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ተጭነው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ቮልስ አቀበት ስትወጣ ታያላችሁ። የጀርመን መኪና ዋጋዋን አወጣች ከተባለ እሷ ናት ያወጣችው።

በጥር 2011 የቮልስዋገን ኩባንያ በኢትዮጵያ መኪና ለመገጣጠም ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርም ደስ ብሎን ነበር። እስከ ዛሬ ግን ከዚያ ፋብሪካ የወጣች መኪና አልነዳንም። ፋብሪካ በፊርማ ብቻ አይመጣም፤ ብሎን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ጀርመን ውስጥ አንድ ወጣት የመኪና ባለሙያ ለመባል ሦስት ዓመት ተኩል ይማራል፤ ትንሹን ጊዜ ትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን ጋራዥ ውስጥ፣ ደመወዝ እየተከፈለው። እኛ ጋ ጋራዥ የሚገባው "ትምህርት እምቢ ያለው" ነው ይባላል። የጋራዥ ልጅን ንቀን የማርቼዲስ ባለቤትን አከበርን፤ ከዚያ ማርቼዲሷ ስትቆም ያንኑ የናቅነውን ልጅ እንለምናለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ልበል።

አንድ፦ ብር ያለህ ወንድሜ፣ መኪና ግዛ፣ ማንም አይከለክልህም። ግን እዚህ የሚጠገን ግዛ። የተረፈህን ደግሞ ሌላ ሰው ሊሠራበት በሚችል ነገር ላይ አውለው። በአንዲት ማርቼዲስ ዋጋ ሆሳዕና–ዶዮገና መስመር ላይ ሰው የሚያመላልስ ቅጥቅጥ ይገዛል። መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው፣ አሥር ልጆች ሙያ የሚማሩበት ጋራዥ ይከፈታል። የዶዮገና በግ ስሙ በምርምር ዓለም የታወቀ ነው፤ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከገበሬው ጋር ሆነው ዝርያውን ሲያሻሽሉ ኖረዋል። ያንን በግ አድልቦ አዲስ አበባ የሚያደርስ ካፒታል ያለው ሰው ነው የጎደለን።

ሁለት፦ እናንተ አባቶችና እናቶች፣ ልጅ ከውጭ ሲመጣ "ምን ነዳህ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ተማርክ? ማንን አስቀጠርክ?" በሉት። ሰርግ ላይ የሙሽራው መኪና ማርቼዲስ ካልሆነ ቤተሰብ ተዋረደ የሚለውን ወሬ እናንተ ካስቆማችሁት ይቆማል። ለአንድ ቀን ኪራይ የሚወጣው ብር ሙሽሮቹን ጥጃ ይገዛላቸው ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ሦስት፦ እኛ ሥራ የሌለን ወጣቶች። መንገድ ዳር ቆመን ያለፈችውን መኪና ሞዴልና ዓመተ ምህረት በቃላችን እናውቃለን። ሞተሯ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ስንት ነው? ያ እውቀት ጀርመን ብቻ አይደለም ያለው። ሠፈራችን ያለው ጋራዥ ውስጥም ይጀመራል፣ ዘይት የነካው ልብስ ለብሶ። ዲግሪ መፍቻ ከመያዝ አያግድም።

ማርቼዲስን አልጠላም። አንድ ቀን ዶዮገና ውስጥ ተበላሽታ፣ ዶዮገና ውስጥ፣ በዶዮገና ልጅ እጅ ተጠግና ስትነሳ ማየት እፈልጋለሁ። የዚያን ቀን "ስንት ፈጀች?" ብላችሁ ጠይቁኝ፤ ያኔ ዋጋዋን ታወጣለች እላችኋለሁ።

ያመናችሁበት ለአንድ ወንድማችሁ አድርሱት፤ ያላመናችሁበትም በሂሳብ ሞግቱኝ።